ሥዕል በፎቶ አትላኩልን

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ፣ ደንበኛ ገና ከበሩ ሲገባ ፊት ለፊት እንዲያየው ሆኖ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ሥዕልና ሎጎ በፎቶ አትላኩልን፤ በፋይል ላኩልን» ይላል፣ በነጭ ላይ በደማቅ ጥቁር። የጻፈው አታሚው ራሱ ነው። ከተለጠፈ ዓመታት አልፈዋል፤ እስካሁን ያነበበው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነበው ከተጎዳ በኋላ ነው።

ደንበኛው ይመጣና ስልኩን ያወጣል። «ይቺን ሎጎ በባነር አውጣልኝ፣ ትልቅ አድርገህ» ይላል። አታሚው ያያታል። ሎጎዋ ከአለቃ ወደ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊ ወደ ዘበኛ በየስልኩ ስትንከራተት ከርማ፣ ጠርዟ ተቆራርሶ፣ ዙሪያዋን ዝንብ የወረራት መስላ ነው የምትደርሰው። ያኔ አታሚው ይጀምራል።

«ጌታዬ፣ ስልክ ፎቶ ሲልክ እንዳለ አይልክም፣ ይጨምቀዋል። በትናንሽ አራት ማዕዘን ይከታትፈውና ‹ይቺን ሰው ልብ አይላትም› ያላትን እያነሳ ይጥላል። የሠርግ ፎቶ ከሆነ ግድ የለም፤ በዚያ ሁሉ ሰውና አበባ መሀል ቢጥል ቢጥል አይታወቅም። እንዲህ በነጭ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ብቻ የሆነ ሥዕል ግን ምን የሚጣል አለው? ያለችውን አንዷን መስመር ይበላታል። ዙሪያዋንም ያቆሽሻል። በላኩት ቁጥር ደግሞ ይብሳል። በፋይል ሲልኩት ግን ሳይነካ እንዳለ ይደርሳል።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» ይላል ደንበኛው። በማግስቱ ያችኑ ሎጎ በፎቶ ይልካታል።

አጠገቡ ተቀምጦ ማህተም የሚቀርጽ ባልደረባ አለው። የገዛ ስሙ ተረስቶ ማህተም ነው የሚሉት። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ስብከት ለምን ቀድተህ አታስቀምጠውም? እኛ እንከፍትላቸዋለን፣ ያንተ ጉሮሮ ይረፍ» ይለዋል። አታሚው ይስቃል። ድሮ ነው እንግዲህ፣ ያኔ ይስቅ ነበር።

ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ፣ በገዛ ቤቱ የሆነበትን ስሙልኝ።

አታሚው አንዲት ልጅ ነበረችው። ስትወለድ ጉንጯ ሙልት፣ ክንዷ እጥፍ እጥፍ ያለ ስለነበር ድንቡሼ አሏት፣ በዚያው ቀረ። ኋላ ያ በሽታ ገብቶባት፣ ሥጋዋ ሁሉ አልቆ ዓይኗ ብቻ ሲቀር እንኳ ሌላ ስም ያወጣላት የለም። ድንቡሼ እንደተባለች ኖረች፣ ድንቡሼ እንደተባለች ሞተች። አሥር ዓመት በቅጡ አልሞላትም ነበር።

መሳል ትወዳለች። ወረቀት አይሆንላትም፤ በእናቷ ስልክ ነው፣ በጣቷ። የምትስለውም ቀላል ነገር ነው። አንድ ክብ ፊት፣ ሁለት ነጥብ ዓይን፣ አንዲት ጭረት አፍ፣ አለቀ። ግን አንድ ደንብ ነበራት፤ ሳታይ አትስልም። ብርጭቆ መሳል ካማራት ብርጭቆው መጥቶ ፊቷ መቀመጥ አለበት። «ብርጭቆ ደግሞ ምኑ ይጠፋሻል?» ሲሏት «ይሄኛው ብርጭቆ ይጠፋኛል» ትላለች። የጎረቤቱን ድመት ለመሳል ግማሽ ቀን ከኋላው ስትዞር ውላለች።

አንድ ጊዜ የአባቷን ታላቅ ወንድም፣ ሾፌሩን፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «አጎቴ፣ ከተነቃነቅህ እተወዋለሁ» አለችው። ምስኪን አንገቱ ደረቀ። «ሙሉ ቀን ስነዳ ውዬ እንኳ እንዲህ ደንዝዤ አላውቅም» እያለ ሲያጉረመርም ጨረሰች። ሲያዩት አንድ ክብ፣ ሁለት ነጥብ፣ አንድ ጭረት። ግን ቁርጥ ሾፌሩን። ያቺ ጭረት በግራ በኩል ትንሽ ወረድ ብላለች። ሾፌሩ ሲዋሽ አፉ ወደ ግራ ወረድ ይላል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሷ ግን ሳይነግሯት አይታ ሳለችው። አታሚው ያን ቀን እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ከዚያ ሆስፒታል ገባች። እናቷ ሥራዋን ትታ አልጋው ሥር ከተመች። የእናቷ ታናሽ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በምሳ ሰዓት እየሮጠች ትመጣለች። ሾፌሩም መኪናውን ባገኘበት አቁሞ ብቅ ይላል። አባትየው ግን ጊዜው ክፉ ሆነበት። ዓመት ሊያልቅ ነው፣ ካላንደር የሚታተምበት ወቅት ነው፣ ትልቁን ማሽን ከእሱ ሌላ የሚያዝዘው የለም። ልጅቷ ከተኛች በኋላ ይደርሳል፣ ሳትነቃ ይወጣል። ቀለም የነካካውን የሥራ ጋውኑን አልጋዋ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቅሎላት ይሄዳል፣ ትዝ እንዲላት ብሎ። «ካላንደሩ ይለቅልኝ ብቻ፣ ሙሉ ቀን አብሬሽ እውላለሁ» ይላታል፣ ለተኛችው። ትሰማው አትሰማው እግዜር ይወቅ።

ካላንደሩ ሳያልቅ እሷ አለቀች። እሷ የማታየውን ዓመት ቀን በቀን ሲያትም ነበር ለካ የከረመው። እስካሁን ካላንደር የተሰቀለበት ክፍል ሲገባ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ሚስቱ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። «ድንቡሼ ሆስፒታል እያለች ሁላችንንም ስላናለች» አለችው። «ተሰልፈን ቆመን። አንተም አለህበት።»

አታሚው ዓይኑን በመዳፉ ከደነ። «አታሳዪኝ። አሁን አልችልም።»

ቆይቶ ቆይቶ፣ እንደተከደነ፣ «እኔን እንዴት አድርጋ ነው የሳለችኝ?» አለ።

ሚስቱ ስልኳን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እየሳቅህ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ሥዕሉን አላየውም። ፈርቶ ብቻ አይደለም። የልጅቷን ጫማ አይቶታል፣ ደብተሯን አይቶታል፣ ፎቶዎቿን እያየ አልቅሶ ጨርሷል። ሥዕሉ ግን ገና ነው። ከልጁ ያልተቀበለው ነገር እሱ ብቻ ነው። ካየው አለቀ፤ ካላየው ግን ድንቡሼ ገና የምትነግረው አንድ ነገር አላት። ላም አለኝ በሰማይ ብላችሁ ሳቁበት እንግዲህ፣ ሰውየው ግን በዚያች ላም ነው ያን ዓመት የኖረው። ማሽኑ ላይ ቆሞ «እየሳቅህ» የምትለዋን ቃል ያስባታል። መቼ ይሆን ስስቅ ያየችኝ ይላል። ያቺን የሾፌሩን ቀን ይሆናል ይላል።

ስለ ሥዕሉ አቀማመጥ ደንብ ያወጣችው ሚስቱ ናት። እህቷንና ሾፌሩን ጠርታ ነገረቻቸው። «አንድ ስልክ ላይ ብቻ ከተቀመጠ ስልክ ይሰረቃል፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ሁሉም ዘንድ ከተበተነ ደግሞ የልጄ ነገር መንገደኛ የሚቀባበለው ይሆናል፣ እሱንም አልፈልግም። ስለዚህ በአደራ ይዙር። አንድ ወር አንዳችን እንያዘው፣ ወሩ ሲያልቅ ለሚቀጥለው እንላከው። መድረሱን ስናረጋግጥ ከራሳችን ስልክ እናጥፋው።» ከእሷ ወደ እህቷ፣ ከእህቷ ወደ ሾፌሩ፣ ከሾፌሩ ተመልሶ ወደ እሷ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ተባባሉ። ማንም ለምን አላለም። ሐዘን የገባበት ቤት ያላወጣው ደንብ የለም፤ ይሄም እንደዚያው ታለፈ።

አታሚው ይሄ ሲባል እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰማ። ቀኑን ሙሉ ለመጣ ለሄደው «በፎቶ ነው በፋይል?» እያለ የሚጠይቅ ሰው፣ ያን ቀን ይቺ ጥያቄ ከአፉ አልወጣችም። ስለ ሥዕሉ ማውራት ራሱ ሥዕሉን ማየት መስሎ ተሰማው። አንገቱን ደፍቶ እጁን ሲያይ ቆየና ተነስቶ ወጣ። ይኸው ነው። በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ይሄን የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

ዓመቱ ሊደፍን ሲል አታሚው ቆረጠ። «በሙት ዓመቷ ዕለት ሥዕሉን በትልቁ አትሜ፣ አልጋዋ የነበረበት ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ» አለ። «ያኔ አየዋለሁ። በእጄ አትሜው ነው የማየው።»

ሚስቱ ሳህን እያጠበች ነበር፣ አልዞረችም። «ይቅርብህ የድንቡሼ አባት። ቁስል መነካካት ምን ያደርግልሃል?»

«ዓመት ሙሉ ያቆየሁት እኮ ለዚህ ነው።»

«በሚቀጥለው ዓመት ይሁን።»

«አንቺ አይተሽዋል፣ እህትሽ አይታዋለች፣ ወንድሜ አይቶታል። እኔ ነኝ የቀረሁት።» ሚስቱ ሳህኑን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ «እሺ» አለች፣ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ።

ወሩ የሾፌሩ ስለነበር ሾፌሩ ላከለት። አታሚው ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲሳሳ ጠበቀ። እጁን በሳሙና ታጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ። «ትንሽ ደንበኞቹን ያዝልኝ» አለው ማህተምን። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ፋይሉን ከፈተው።

መጀመሪያ ያየው የሾፌሩን ስልክ ሰዓትና ባትሪ ነው። ሥዕሉ አናት ላይ ተለጥፈዋል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ቀይ ሆኖ ይታያል። ከእነሱ ሥር አመድማ ነገር አለ። ነጭ የነበረው ብጫ መስሏል። አምስት ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል፣ ሰው መሆናቸው ከቁመታቸው ይታወቃል። መስመሮቹ ተበልተው እዚህም እዚያም ተቆራርጠዋል፣ ዙሪያቸውን ትቢያ የተነሰነሰ ይመስላል። ፊት የሚባል ነገር የለም። በሩቁ ሲያዩት ክቦቹ ውስጥ ጣት ያበሰው ጭቃ የመሰለ ነገር ብቻ ይታያል።

አታሚው ማውሱን ይዞ እንደተቀመጠ ቀረ።

ማህተም አንገቱን አስግጎ አየ። «ይሄን የላከው ደግሞ የትኛው ነው? ስብከትህን አልሰማም እንዴ?» አለ።

«የእኔ ነው» አለ አታሚው።

ማህተም ስክሪኑን አየ፣ የሰውየውን ፊት አየ። አምስቱን ቆጠራቸው መሰለኝ። ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ መቅረጫውን አነሳ።

አታሚው ወደ ውጭ ወጥቶ ደወለ። «ወንድምጋሼ፣ ሌላ ኮፒ አለህ?»

«ኧረ አጠፋሁት። መድረሱን አረጋግጬ አጠፋሁት፣ ደንቡ ነው እኮ» አለ ሾፌሩ፣ አደራውን በመወጣቱ ኮራ ብሎ።

«ከመጣልህ በኋላ እንዴት አድርገህ ነበር የምታስቀምጠው?»

«ያ ማስቀመጫው ፊደሉ ደቃቃ ነው፣ ለዓይኔ አይታየኝም። ዝም ብዬ ስክሪኑን ፎቶ አነሳዋለሁ። ምነው፣ አልደረሰም እንዴ?»

«ደርሷል» አለ አታሚው።

ለልብስ ሰፊዋ ደወለ። «ጋሼ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «የእኔ ስልክ ፎቶ ሲገባ ‹ላሳምረው ወይ?› ብሎ ይጠይቃል። እሺ እለዋለሁ። ድንቡሼ አምራ ትታይ ብዬ ነው። እየቆየ ሲደበዝዝብኝ ደግሞ የመርፌ ሥራ ዓይኔን ጨረሰው አልኩ እንጂ እሱ ነው ብዬ አላሰብኩም።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ አታሚው ያጽናናት ጀመር።

እነዚህ ሰዎች አንድም ቀን አደራቸውን አልበሉም። በየወሩ ሳያሳልፉ፣ ሳይዘነጉ፣ ተጠንቅቀው ላኩ፤ ተጠንቅቀው አጠፉ። ቸል ብለው ቢሆን፣ አንዱ ሰንፎ ማጥፋቱን ረስቶት ቢሆን ሥዕሉ ይተርፍ ነበር። የጨረሰው ታማኝነታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ይከሱታል?

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። «ተበልቷል» አላት። «መስመሩ ሁሉ ተበልቷል፣ ፊት የለም።» አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ግን ከማልቀሷ በፊት አንድ ትንፋሽ ወጣት፣ ሸክም ከጀርባው ላይ እንዳወረዱለት ሰው። አታሚው አየ፣ ግን ልብ አላለም። ሰው በራሱ ሐዘን ሲሞላ የሰው ትንፋሽ አይቆጥርም።

«ቀላል ሥዕል ነው እኮ» አለችው ኋላ። «አንተ ትችልበት የለ? መልሰህ ሳለው። እኔ እነግርሃለሁ። አንተ እየሳቅህ ነበር፣ እየሳቅህ አድርገው።»

እንደ እውነቱ ከሆነ ይችላል። ለአታሚ አምስት ክብና ጥቂት ጭረት ምን ነገር ነው? ግን «እየሳቅህ» ማለት ምን ያህል ነው? ጭረቷ በየት በኩል ነው ከፍ ያለችው? ልብስ ሰፊዋን ጠየቃት። «ኮስተር ብለህ ነበር ጋሼ… አይ፣ ፈገግ ነገር» አለችው። ሾፌሩን ጠየቀው። «ያው አንተን መስለህ ነዋ፣ ምን ይጠየቃል» አለ ሾፌሩ፣ አፉ ወደ ግራ ወረድ ብሎ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ፊት። አታሚው እያንዳንዳቸው ያዩት በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ መጠን ከተበላ በኋላ ስለሆነ ነው ብሎ አሰበ። ከማንም አፍ አልቀበልም፣ ከሥዕሉ ከራሱ አወጣዋለሁ አለ። ፊቱን ሊያገኝ ቆርጦ ተነሳ። ልጁ ስታየው ምን እንዳየች ካላወቀ በምን ሊኖር ነው?

በምሳ ሰዓት፣ ማሽኑ ሲቆም፣ ሥዕሉን አጉልቶ አጉልቶ ይከፍታል። እያንዳንዱ ትንሽ አራት ማዕዘን ጥፍር እስኪያህል ድረስ። ሥራውን ያውቀዋል። ጭመቃ መስመር ሲበላ ባዶ እጁን አይሄድም፤ መስመሩ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሻሻ ጥሎ ይሄዳል። ቆሻሻውን የተከተለ መስመሩን ያገኘዋል።

የሚስቱን ፊት አገኘው። ሁለቱ ዓይኖች የነበሩበት ጠቆር ብሏል፣ ከሥራቸው ጠባብ አመድማ ጭረት፤ ከንፈሯን ነክሳ እንደምትጠብቅ ሆና ነው። የልብስ ሰፊዋን አገኘው፤ ከአፏ ጫፍ ቀጭን ነገር ወጣ ብሏል፣ ስትሰፋ ከንፈሯ ላይ የምትይዛት መርፌ ናት። የሾፌሩ ጭረት ወደ ግራ ወርዳለች። ድንቡሼ ራሷም አለች፣ በመስታወት አይታ የሳለችው መሆን አለበት፣ ዓይኖቿ ከሁሉም ይተልቃሉ። እያንዳንዱን ባገኘ ቁጥር ልቡ ይሞቃል። የእኔንማ እንዴት አላገኘውም ይላል። የራሱን መጨረሻ ላይ ያቆየውም ለዚህ ነው፤ ዓመት የጠበቀ ሰው ምሳ ሰዓት መጠበቅ አያቅተውም።

ወደ ራሱ መጣ። ጋውኑ አለ። የኪሱ እስክሪብቶ አለ። ደረቱ ላይ ያለችው የቀለም ነጠብጣብ እንኳ አለች፣ ዙሪያዋን ቆሽሾ። ከአንገቱ በላይ ክቡ አለ። ክቡ ውስጥ ገባ።

ንጹሕ ነው።

ቀለሙን ቀያይሮ አየው፣ አጠቆረው፣ አነጣው። መሀሉ ላይ አንዲት ትቢያ የለችም። አራት ማዕዘኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሙልጭ ያሉ ናቸው። የጋውኑን እጅጌ ጫፍ አየ። ሌሎቹ ሁሉ እጅ አላቸው፣ የሾፌሩ እጅ ቁልፍ ጭምር ይዟል። የእሱ እጅጌ ባዶ ነው፣ እዚያም ንጹሕ ነው። ጋውኑ ትከሻ ላይ በአንድ በኩል ሾጠጥ ያለ ነገር አለ። አወቀው። የሚስማሩ ምልክት ነው። ጋውን በሚስማር ሲሰቀል እንደዚያ ሾጠጥ ይላል።

ጭመቃ የነበረን ነገር አጥቦ አይሄድም፤ ይሄን ለስንቱ ደንበኛ ነግሯል። ንጹሕ ሆኖ የሚቀረው መጀመሪያውኑ ምንም ያልነበረበት ቦታ ብቻ ነው።

ማህተም ከምሳ ሲመለስ አታሚው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ኮቱን ሲለብስ አገኘው። «አሞሃል?» አለው። «ቤት ደርሼ ልምጣ» አለ አታሚው፣ ግን የዚያን ቀን አልተመለሰም።

ሚስቱ የታጠበ ልብስ አልጋው ላይ ዘርግታ ታጥፋለች። በሩ ላይ ቆመ።

«ፊቴን አልሳለችውም» አላት።

እጇ ትራስ ልብሱ ላይ ቀረ። የምትለውን ስትፈልግ ከንፈሯን ነከሰች፤ ልክ ሥዕሉ ላይ እንዳለችው ሆነች። መዋሸት ፈልጋ ነበር፣ አቃታት።

«‹የአባዬን ሲመጣ እያየሁት እስለዋለሁ› አለች» አለችው። «ልብሱን ከሚስማሩ ላይ እያየች ሳለች። ፊቱን ተወችው። ጠዋት ጠዋት ስትነቃ ‹አባዬ መጣ?› ትለኛለች። መጥቶ ሄደ እላታለሁ። ‹ነገ ሲመጣ ቀስቅሺኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ› ትላለች። አንተ ስትመጣ ደግሞ ገና እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል፣ ስቃዩ ቀለል ብሎላት። አንጀቴ እንዴት ይቁረጥ? አልቀሰቀስኳትም። አንድም ቀን አልቀሰቀስኳትም።»

አታሚው በሩን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ይሄን እንዴት አድርጌ እነግርሃለሁ?» አለች። «እየሳቅህ አልኩህ። ለእነሱም እንዲያ በሉ አልኳቸው፣ መዋሸት አይችሉበትም። ደንቡንም ያወጣሁት ለዚያ ነው። ከሦስት ወር ሁለቱን እንኳ ከዚህ ቤት ይራቅ፣ አንድ ቀን ስልኬን ስትነካካ እንዳታየው ብዬ። ዓመት ሲያልፍ ይረሳዋል አልኩ። ሲመለስልኝ ከፍቼ ለማየት አልደፍርም ነበርና፣ በፎቶ መላክ እንደሚበላው ግን አላወቅኩም። እናቷ ነኝ፣ አላወቅኩም።»

«እኔ አውቅ ነበር» አለ አታሚው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ጠራ እንግዲህ። ምን ሊሠሩበት ነው? ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ትራስ ልብሱን እንደያዘች።

በማግስቱ ሥዕሉን መልሶ ሳለው። ቆሻሻውን እየተከተለ፣ መስመሩን በመስመሩ ላይ እያስኬደ። መርፌዋን፣ ቁልፉን፣ የወረደችውን ጭረት፣ ትልልቆቹን ዓይኖች። ጋውኑን ከነሚስማሩ ምልክት ሳለው። ከላዩ ክቡን ሳለና እጁን አነሳ። ሚስቱ ሰብሰብ ብላ ስታይ ቆይታ «እባክህ፣ አንዲት ጭረት ብቻ» አለችው።

«ሳታይ አትስልም ነበር» አላት።

አተመው፣ ሰቀለው። መስመሩ ጥርት ያለ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ። ከእንግዲህ የሚበላው የለም። ግን ያቺ ጣት የሄደችበት መስመር ከምድር ላይ ጠፍቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለው የአታሚው እጅ ነው። የልጁ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር ያ ባዶ ክብ ነው። እሱን ብቻ እንዳደረገችው ትቶታል።

በሙት ዓመቷ ዕለት ቤተሰቡ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ሥዕሉን ገና ከበሩ ስታይ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችና እህቷን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። ሾፌሩ ዘግይቶ ደረሰ። መነጽሩን መኪና ውስጥ ትቶታል፣ ሁሌም እንደሚተወው። ወንድሙ ሥዕሉን መልሶ እንደሳለው በስልክ ሰምቷል፣ ስለዚህ የጎደለውን ሞልቶት ይሆናል ብሎ ገምቷል። ግድግዳው ፊት ቆሞ ዓይኑን አጨነቆረ። እያንዳንዱን በቁመቱና በልብሱ ለየ። ጋውኑ ጋ ሲደርስ ጣቱን ቀሰረ።

«ይኸው፣ አላልኩህም?» አለ፣ አፉ ወደ ግራ ወረድ ብሎ። «ቁርጥ አንተን።»

ጓዳ ውስጥ የሴቶቹ ድምፅ ቆመ። አታሚው ባዶውን ክብ አየው፣ ከሥሩ የተንጠለጠለውን ጋውን አየው፣ እጅ የሌለውን እጅጌ አየው።

«አዎ ወንድምጋሼ» አለ። «ቁርጥ እኔን።»

ከዚያ ወንበር ስቦ ወንድሙን አስቀመጠው።